ይድረስ ለአባቴ፦ ከበረዶው ሥር ስላለው ባሕር

ካምብሪጅ፣ እንግሊዝ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የእማዬ ጉልበት እንደተሻላት ሰምቼ ደስ ብሎኛል።

ባለፈው በስልክ «ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠህ የአንታርክቲካን በረዶ እንዴት ነው የምታጠናው?» ሲሉኝ ኔትወርኩ ተቆራረጠብን። ዕድሜውን ሙሉ ጂኦግራፊ ላስተማረ ሰው ደግሞ ግማሽ መልስ አይሰጥም። ስለዚህ ይኸው በጽሑፍ።

የአንታርክቲካ በረዶ ከየብሱ ላይ በዝግታ ወደ ባሕር ይፈሳል። ባሕሩ ጋ ሲደርስ ወዲያው አይሰበርም። ከየብሱ በረዶ ጋር እንደተያያዘ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ውፍረቱ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ነው። ከሥሩ ፀሐይ አይቶት የማያውቅ ባሕር አለ። የእኔ ሥራ እዚያ ነው፤ በረዶውና ውሃው በሚገናኙበት ቦታ።

ተንሳፋፊው በረዶ ቢቀልጥ ባሕሩን በቀጥታ እምብዛም አይጨምረውም፤ ድሮም ውሃው ላይ ነበርና። ዋናው ሥራው ከኋላው ያለውን የየብስ በረዶ ደግፎ መያዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ላርሰን ቢ የሚባለው ተንሳፋፊ በረዶ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ተፈረካከሰ። 3,250 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ የአዲስ አበባን ስድስት እጥፍ ያህል። እሱን ያፈረሰው በዋናነት የላዩ ሙቀት ነበር። ድጋፉ ሲነሳ ግን ከኋላው የነበሩት የበረዶ ግግሮች በእጥፍና ከዚያም በላይ ፈጠኑ።

አሁን ብዙዎቻችን የምንፈራለት በምዕራብ አንታርክቲካ ያለው የትዌይትስ ግግር ነው። ስፋቱ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጨርሶ ቢያልቅ የዓለምን ባሕር 65 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያደርጋል። እሱን የሚበላው ከሥሩ የሚገባው ሞቃት ውሃ ነው። ሞቃት ስልዎ ከዜሮ በላይ አንድ ዲግሪ ቢሆን ነው። የባሕር ውሃ ግን ጨው ስላለበት በረዶ የሚሆነው ከዜሮ በታች 1.9 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ወደ ጥልቁ ሲወርዱ ደግሞ በግፊቱ ምክንያት ከዚያም ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ዲግሪ እዚያ ብዙ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 ተመራማሪዎች በሙቅ ውሃ በረዶውን ወደ 600 ሜትር ያህል ቦርቡረው አይስፊን የሚባል ቀጭን ሮቦት ወደ ታች ሰደዱ። በ2023 የታተመው ውጤት ብዙዎችን አስገርሟል። ውሃው የተፈራውን ያህል ሞቃት ነው። ጠፍጣፋው የበረዶ ሥር ግን በዓመት ከ2 እስከ 5 ሜትር ያህል ብቻ ነበር የሚቀልጠው፤ ከተገመተው ያነሰ። በስንጥቆቹና በቁልቁል ግድግዳዎቹ ላይ ግን መቅለጡ በጣም ይፈጥናል።

ምክንያቱን ሻይ ላይ ያዩታል፣ አባባ። ስኳሩ ከሥር ተቀምጦ ካልተማሰለ ሻዩ አይጣፍጥም። ቀልጦ የሚወጣው ውሃ ጨው ስለሚያንሰው ቀላል ነው፤ በረዶው ሥር ተለጥፎ ይቀራል። ሞቃቱና ጨዋማው ከታች ይሆናል። የሚያማስላቸው ከሌለ ሙቀቱ በረዶው ጋ አይደርስም።

የሚያማስለው የውሃው መናወጥ ነው። ትልቁ ሽክርክሪት ትንሹን ይወልዳል፣ ትንሹ ደግሞ ሌላ ትንሽ፤ እስከ ሚሊ ሜትር ድረስ ይወርዳል። እኛ ኮምፒውተሩ ላይ ጥቂት ሜትር ውሃ እንወስድና በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ሳጥኖች እንከፋፍለዋለን። የእያንዳንዷን ሳጥን ሙቀት፣ ጨውና ፍጥነት ይዘን ከቅጽበት ወደ ቅጽበት እናሰላለን። ቀመሮቹ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሊቃውንት በናቪዬና በስቶክስ ስም የቀሩት ናቸው። ኮምፒውተሩ ሲያሰላ ቀናት ይፈጃል፤ የሚያወጣው ግን ጥቂት ሰዓት የሚሆን የውሃ እንቅስቃሴ ነው።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ዓለምን በሙሉ የሚያሰሉት ሞዴሎች የአንዷ ሳጥናቸው ጎን ብዙ ኪሎ ሜትር ነው። ሚሊ ሜትሩን በጭራሽ አያዩትም። ስለዚህ መቅለጡን ከሙቀት፣ ከጨውና ከፍሰት ፍጥነት በአጭር ቀመር ይገምቱታል። ሆላንድና ጄንኪንስ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረቡት ስሌት እስከ ዛሬ በሰፊው ይሠራበታል። ግን ቀመሩ ውሃው በደንብ እንደሚናወጥ ያስባል። ውሃው በንብርብር ሲረጋ መቅለጡን ያጋንነዋል። የእኛ ድካም ሁሉ እሱን ለማስተካከል ነው። «ቀስ ብሎ ነው የሚቀልጠው» ብለው ግን እፎይ የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ግግሩ እያፈገፈገ ነው። ይህን ያህል ለማፈግፈግ ትንሽ መቅለጥ ከበቃው፣ ለእኔ ይሄ የባሰ ያስፈራል።

«እኛ ባሕር የለን፣ ምን አገባን?» የሚሉ አይጠፉም። ግዙፍ በረዶ በስበቱ ባሕሩን ወደ ራሱ ይጎትታል። በረዶው ሲያንስ ውሃው ከዚያ ይርቅና እንደኛ ባሉ ሩቅ አካባቢዎች ከአማካዩ የበለጠ ይጨምራል። እኛ ከውጭ የምናመጣው ዕቃ፣ የምንነዳው ነዳጅ በአብዛኛው የሚገባው በጅቡቲ ነው። ምጽዋም እስክንድርያም ባሕር ዳር ናቸው። ወደብ የሚገነባው ለመቶ ዓመት ከሆነ፣ የውሃውን ከፍታ የሚነግረው ቁጥር ትክክል መሆን አለበት።

አጎቴ ኮምፒውተር እስከቻልክ ድረስ ባንክ ግባ፣ ደመወዙ እጥፍ ነው ይለኛል። ለእኔ አስቦ እንደሆነ አውቃለሁ። እዚሁ እቆያለሁ ብሏል በሉልኝ። ቀጥለን የምናሰላው የስንጥቆቹን ግድግዳ ነው፤ በጣም የሚቀልጠው እዚያ ስለሆነ መተው አልችልም።

እማዬንና ልጆቹን ይሳሙልኝ።

አክባሪ ልጅዎ