«ምን እናድርግልዎ?» የአገልግሎት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የኛ ክበብ ዘገባ ፎቶ የለውም። አስበንበት ነው። በመጀመሪያው ስብሰባችን አባላቱ ራሳቸው አንድ ሕግ አወጡ፦ ለአገልግሎት በወጣንበት ቀን ስልክ ከቦርሳ አይወጣም፣ ቴሌግራም ላይም ምንም አይለጠፍም። ሐሳቡን ያመጣችው አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ማቴዎስ ምዕራፍ 6ን አንብባ መጥታ ነበር። ጌታ ስለ ምጽዋት፣ ስለ ጸሎትና ስለ ጾም ሲያስተምር ሦስቱንም በስውር አድርጉት እንዳለ አሳየችን። «ታዲያ አገልግሎታችን ለምን አደባባይ ይወጣል?» አለች። የተከራከራት አልነበረም።

ትምህርት ቤታችን የቤተ ክርስቲያን ስለሆነ የክበቡን ዓላማ በግልጽ መንፈሳዊ አድርገነዋል። ልብስና ገንዘብ የሚያሰባስብ የበጎ አድራጎት ክበብ አለን፤ ሥራውንም በደንብ ይሠራል። የኛ ግን ወደ ጾምና ወደ ስግደት ይጠጋል። ጾም ሆድን ይገራል። ዝቅ ብሎ ማገልገል ደግሞ «እኔ» ማለትን ይገራል። በገዳሞቻችን ለምንኩስና የመጣ ሰው በአመክሮ ጊዜው ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ አረጋውያንን ይረዳል። ስለ አባ ዮሐንስ ሐፂርም አነበብን። መምህሩ ደረቅ እንጨት ተክለው ውሃ አጠጣ ሲሉት፣ ከሩቅ እየቀዳ ለሦስት ዓመት አጠጣው፤ በመጨረሻም እንጨቱ አፈራ። ልጆቹ ያልገባቸው መጨረሻው አልነበረም። «ጥቅሙ ሳይታየው እንዴት ሦስት ዓመት ቻለ?» ነው ያሉት።

የክበቡ አስተባባሪ እኔም ያን ጊዜ ብዙ አላብራራሁም። የተሻለ ያስረዱልን እዚህ ድሬዳዋ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው።

ልጆቹ ቤታቸውን ሊቀቡላቸው ተዘጋጅተው ነበር። ቀለሙም ብሩሹም ተገዝቷል። ስንደርስ እማማ በራፋቸው ላይ ሰፌድ ይዘው ምስር ይለቅማሉ። ዕቅዳችንን ሰሙና «ቤቴ ምን ሆነና?» አሉ። «እኔን ያስቸገረኝ ዓይኔ ነው። ይችን ምስር ልቀሙልኝ። መርፌም ክር አስገቡልኝ።»

የልጆቹን ፊት አየሁት። ቀለም ለመቀባት ሸሚዝ ቀይሮ ለመጣ ጎረምሳ ሰፌድ መያዝ ይከብዳል። አንዱ ቶሎ ቶሎ ለቅሞ «ጨረስኩ» ሲል እማማ በጣታቸው ምስሩን ዳበስ ዳበስ አድርገው ሁለት ጠጠር አወጡ። «ልጄ፣ ጥርሴ ነው የሚያገኘው» ብለው ሰፌዱን መለሱለት። እንደገና ጀመረ። ሁለቱ ሴት ልጆች ደግሞ በቤት ውስጥ ያለውን መርፌ ሁሉ ነጭና ጥቁር ክር አስገብተው፣ እማማ በየቀኑ አንድ አንድ እንዲያነሡ ትራስ ላይ በተርታ ሰኩላቸው። ቀለሙን ይዘነው ተመለስን።

ከዚያ ወዲህ የትም ስንሄድ መጀመሪያ «ምን እናድርግልዎ?» እንላለን። ለመርዳት የምንመርጠው ሥራ ብዙ ጊዜ እኛን የሚያስደስተን ነው። የምንረዳው ሰው ሲያዝዘን ግን ነገሩ ይለወጣል። ያኔ አለቃው እሱ ነው። የክርስቶስም ነገር እንዲህ ነው፤ «ሊያገለግል እንጂ እንዲያገለግሉት አልመጣም» የተባለለት እሱ ዕውሩን እንኳ «ምን ላደርግልህ ትወዳለህ?» ብሎ ጠይቆታል።

በግቢያችን ደግሞ ዓርብ ዓርብ መጸዳጃ ቤት አጠብን። አለቃችን የጽዳት ሠራተኛችን ነበሩ። በረኪናው ስንት እንደሚጨመር፣ መጥረጊያው ከየት ጀምሮ እንደሚሄድ ያሳያሉ፤ ካልጸዳ ያስደግማሉ። ለዓመታት ሰላም ሳይሏቸው ያልፉ የነበሩ ልጆች ዛሬ «እትዬ» ይሏቸዋል፤ ከሩቅም ሮጠው ባልዲያቸውን ይቀበላሉ። አንድ ወላጅ «ልጄን የላክኋት ለትምህርት ነው» ብለው መጥተው ነበር። ቅሬታቸውን በአክብሮት ሰማሁ። መልሱን የሰጠችው ልጅቷ ናት፤ ማንም እንዳላስገደዳትና መቀጠል እንደምትፈልግ ነገረቻቸው።

ዘንድሮ ዓቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ገባ። እኛም ጾመኛ፣ ጎረቤቶቻችንም ጾመኛ። ድሬ በሙቀቱ ጾመኛን ምን እንደምታደርግ ታውቃላችሁ። ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ላሉ አንዲት አዴ (እናት) ልጆቹ ከማፍጠሪያው በፊት በጄሪካን ውሃ ያመጡላቸው ነበር። ስብከት አልያዝንም፣ ምስጋናም አልጠበቅንም። እንዲያውም የመጀመሪያ ቀን ልጆቹ ጄሪካኑን አስቀምጠው ሊሮጡ ሲሉ አዴ «ስማችሁን ሳትነግሩኝ ለማን ነው ዱዓ የማደርገው?» ብለው አስቆሟቸው።

ጸሎተ ሐሙስ ሚያዝያ 9 ነበር። ካህኑ የምእመናንን እግር በወይራና በወይን ቅጠል ሲያጥቡ አይተን፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ዮሐንስ 13ን አነበብን። ሁለት ነገር ላይ ቆየን። አንደኛው ይሁዳ ነው፤ ገና ከማዕዱ አልወጣም ነበርና ጌታ የሱንም እግር አጥቧል። ልጆቹ ዝም አሉ፤ እያንዳንዳቸው የማያናግሩትን ሰው ያሰቡ ይመስለኛል። ሁለተኛው ጴጥሮስ እግሬን አታጥብም ብሎ እምቢ ማለቱ ነው። ያ ምስር የለቀመው ልጅ እጁን አወጣ። እማማ ያን ቀን ሆጃ የሚባለውን ትኩስ መጠጥ አፍልተው ሲሰጡት «አይ፣ አይቸገሩ» ብሎ ነበር። እሳቸውም «እኔስ መቼ ነው የማገለግለው?» ብለው ተቆጥተውታል። «ማገልገል ብቻ ሳይሆን መገልገልም ትሕትና ይጠይቃል ማለት ነው» አለ። ከዚህ የተሻለ ትርጓሜ ከኔ አልነበረም።

ሰርተፊኬት አንሰጥም። ተማሪዎቹም አልጠየቁም።

ዘንድሮ ከ12ኛ ክፍል የሚለዩን አባላት አሉ። የአዴን ውሃ ከመስከረም ጀምሮ የሚረከብ፣ ጄሪካን ለመሸከም ጉልበት ያለው ልጅ እንፈልጋለን። የእማማም መርፌዎች በየሳምንቱ ክር ይፈልጋሉ። መመዝገብ የሚፈልግ ዓርብ ከትምህርት በኋላ መጸዳጃ ቤቱ ጋ ይምጣ። የሚመዘግቡት እትዬ ናቸው።