ስራመድ አታናግሪኝ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እናትሽም እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

ትናንት አክስትሽ መጥታ ነበር። ባለፈው በጣና ዳር ስንሄድ ብትጠይቂኝ ዝም እንዳልኩሽ፣ «አባዬ አእምሮው እየከዳው ነው» ብለሽ እንዳለቀስሽ ነገረችኝ። ምነው ለእኔው ብትነግሪኝ? አክስትሽ ወሬ እንደማታሳድር እያወቅሽ!

ስሚኝ፤ ጤነኛ ሰው እግሩን ሳያስብ ይሄዳል። ፓርኪንሰን የተባለው በሽታዬ የሚነጥቀው ይህንን ነው። ዶፓሚን የተባለውን፣ እንቅስቃሴን የሚያግዝ ንጥረ ነገር የሚያመነጩት የአንጎል ሕዋሳት ሲመናመኑ እያንዳንዱን እርምጃ በሐሳብ ማዘዝ ግድ ይሆናል። ሐኪሙ «ከ100 ላይ 7 እየቀነሱ ይራመዱ» ቢለኝ 93 አልኩ፣ 86 አልኩ፣ ከዚያ እግሬ ወለሉ ላይ ተጣበቀ። 30 ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው 79 ጠፍቶኝ መሰለሽ? ሐሳቤን እግሬ ወስዶት ነው። ስለዚህ ስራመድ አታናግሪኝ። ስቀመጥ የፈለግሽውን ጠይቂኝ።

አልዋሽሽም፣ አእምሮዬም እንደ ድሮው አይፈጥንም፤ የእድሩን ሒሳብ ለጎረቤት አስረክቤአለሁ። ያበደርኩሽን ግን አልረሳሁም።

የዘጌው አጎቴ ትዝ ይልሻል? ሜዳውን ደኅና ተራምዶ መጥቶ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲደርስ ቀጥ ይል ነበር። ሰዉ «እንዳይገባ የያዘው ርኩስ መንፈስ ነው» አለ። ጸበል ተጠመቀ፣ ጾመ፣ ለቅሶ ቤት መሄድ እንኳ አፍሮ ተወ። አንድ እሑድ ዘመዶች ግራና ቀኝ ይዘው ቢጎትቱት በግንባሩ ተደፋ። ጠባብ በር፣ መታጠፊያና ጥድፊያ እንዲህ ያለውን በሽተኛ እግር እንደሚይዙ ማን ይንገረን? ቅዳሴውን ውጭ ቆሞ እያስቀደሰ ሞተ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እኔም በር ላይ ስቆም አትጎትቺኝ። እግርሽን ከፊቴ አጋድሚልኝ፣ እሱን ልሻገር ስል እግሬ ይነሣል። ያን ጊዜም ዝም በይ!

የበሽታዬ መድኃኒት፣ የሌቮዶፓው እንክብል ሊያልቅ ነው፤ ከአዲስ አበባ የሁለት ወር ይዘሽ ነይ፣ ድንገት ማቋረጥ ክፉ ነው። እናትሽንም ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላ እንድትሰጠኝ ምከሪያት፤ ከሥጋና ከእንቁላል ጋር ሲገጥም ይደክምብኛል። እኔን አትሰማኝም።

ስልክም ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ደውይ፤ ጠዋት መንገድ ላይ ነኝ፣ ስራመድ አታናግሪኝ ብዬሻለሁ። ጫማ ቁጥር 42፣ ተረከዙ የተዘጋ። ሸበጥ እንዳታመጪ።

አባትሽ
ከባሕር ዳር