ለወረዳችን አስተዳዳሪ፦ የፈታዮቹን ቦታ መልሱ

ክቡር አስተዳዳሪ፣

ይህን በአደባባይ የምጽፈው በጽሕፈት ቤትዎ በኩል ያስገባሁት ሁሉ መልስ ስላጣ ነው። የበግ ጸጉር ፈታይ ሴቶቻችን የተወሰደባቸው ቦታ እንዲመለስ ሦስት ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ሦስቱም ማኅተም አርፎባቸው ቀሪያቸው እጄ ላይ አለ። በመጀመሪያው “ጉዳዩ እየታየ ነው” ተባልኩ። በሁለተኛው ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ፤ ስብሰባው ሁለት ወር ቆየ። በሦስተኛው ፋይሉ ስለጠፋ እንደ አዲስ አመልክት አሉኝ። እንደ አዲስ አላመለክትም። ከእንግዲህ የምለውን ሰው ሁሉ ይስማው።

እርስዎ ጉዳዩን ያውቁታል። ለማያውቀው አንባቢ ስል ግን ከሥሩ ልጀምር።

እናቴና ሌሎች 33 የቀበሌያችን ሴቶች የበግ ጸጉር ፈታዮች ናቸው። አገራችን መንዝ ነው። ደጋ ነው፤ ገብሱን አንዳንድ ዓመት ውርጭ ይመታዋል። በጉ ግን አለ። ጸጉሩ ይሸለታል፣ ይታጠባል፣ በደጋን ይነደፋል፣ በእንዝርት ይፈተላል። ከዚያ ሸማኔ እጅ ይገባና ዝተት ወይም ባና ይሆናል። በርኖሱም የሚወጣው ከዚሁ ነው። ይህን ሙያ ማንም መጥቶ አላሠለጠነንም፣ ማንም በጀት አልመደበለትም። እናቴ ከእናቷ ነው የተማረችው።

ችግሩ ማጠቡና መንደፉ ላይ ነው። የበግ ጸጉር ቅባት አለው፤ በቀዝቃዛ ውኃ በቀላሉ አይለቅም። እናቴ ወንዝ ወርዳ ስታጥብ ውላ ማታ እጇን እሳት ላይ ስትዘረጋ መዳፏ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቆ አየዋለሁ። ቅቤ እቀባላታለሁ። በማግስቱ ተመልሳ ትወርዳለች። መንደፉም ያው ነው፣ ቀኑን ሙሉ ደጋን ስትመታ ውላ የምታገኘው አንድ እንቅብ አይሞላም። በዚህ የተነሳ ብዙው ጸጉር ጥሬውን በርካሽ ይሸጣል፣ የተረፈው ደጅ ይጣላል። ሀብታችን እጃችን ላይ እያለ የሚባክነው እዚህ ጋ ነው።

ሴቶቹ ይህን አይተው ተሰባሰቡ። በወር 50 ብር ያወጡ ነበር። ከመስከረም 2008 እስከ ነሐሴ 2011 ድረስ አንድም ወር አልዘለሉም። እንቁላል ሸጠው፣ ጌሾ ሸጠው፣ አንዳንዷም ከባሏ ተደብቃ። ድምሩ 81,600 ብር ነው። መዝገቡን የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ፤ ቁጥር መጻፍ የምችል ልጅ ተብዬ ጸሐፊያቸው አድርገውኛል። የጠየቁት ደግሞ ትንሽ ነው። አንድ ቤት፣ አንድ ቧንቧ፣ ውኃ ማሞቂያ ምድጃ፣ አንድ የመንደፊያ ማሽን። ማሽኑን በራሳቸው ገንዘብ ነው የሚገዙት። ከመንግሥት የፈለጉት ቦታና የመብራት መስመር ብቻ ነበር።

ቦታው ተሰጣቸውም። በታኅሣሥ 2011 በገበያው መንገድ ዳር 500 ካሬ ሜትር ተለክቶ አራት ችካል ተመታ። ቃለ ጉባኤው ላይ ሰባት ሰው ፈርሟል፤ እናቴ በጣት አሻራዋ። የዚያን ቀን ማታ ሴቶቹ ቤታችን ተሰብስበው ቡና አፈሉ። ምድጃው የት ይሁን፣ በሩ ወደየት ይዙር ብለው እኩለ ሌሊት ድረስ ሲከራከሩ አስታውሳለሁ።

ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በጥር 2012፣ ጠዋት ለገበያ ስንወጣ ቦታው በቆርቆሮ ታጥሮ አገኘነው። የኛ 500 ካሬ ሜትር ከጎኑ ካለው የወል ግጦሽ ጋር ተጠቃሎ ገብቷል። ችካላችን ተነቅሎ ቦይ ውስጥ ወድቋል። አጥሩ ላይ ታፔላ ተሰቅሏል፦ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ለ800 ሰው የሥራ ዕድል።

ማንም አልጠየቀንም። ማንም አልነገረንም።

ለምን ብለን ስንመጣ የተሰጠን መልስ ቦታው ወደ ከተማው ፕላን ስለገባ የቀበሌው ቃለ ጉባኤ አይሠራም የሚል ነበር። እሺ። ከተማ ከሆነ የከተማው ሕግ ይሥራ። የሊዝ አዋጁ፣ 721/2004፣ ቦታ የወሰደ ሰው በተወሰነለት ጊዜ ግንባታ ካልጀመረ ውሉ ተቋርጦ ቦታው ይመለሳል ይላል። ይህን ከኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ ሥራዎ ነው። ይኸው ስድስት ዓመት አለፈ። አጥሩ ውስጥ አንድ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አልተቀመጠም። ሣሩ ወገብ ይደርሳል። ቆርቆሮው ዝጎ በአንድ በኩል ተገንጥሏል፣ በዚያ በኩል በጎች ገብተው ይግጣሉ። ታፔላው ላይ የሚነበበው “800” ብቻ ነው፤ ሌላውን ፀሐይ በልቶታል።

ጦርነቱ ነው ያዘገየው ትሉ ይሆናል። ጦርነቱ እኛንም አግኝቶናል፤ በቤታችን ስለደረሰው እዚህ አላወራም። ግን አጥሩ የታጠረው ከጦርነቱ በፊት ነው። ከታጠረ በኋላ ባሉት ወራትም የመጣ አንድ የሲሚንቶ መኪና የለም። ሴቶቹ ደግሞ በጦርነቱም መሀል መፍተል አላቆሙም።

ይበልጥ ያንገበገበኝን ልንገርዎት። አጥሩ ጥግ ላይ ትራንስፎርመር ተተክሏል። ለፋብሪካው ተብሎ የመጣ ነው። ፋብሪካ የለም፣ ትራንስፎርመሩ ግን መብራት አለው። ማታ በአጠገቡ ሳልፍ ሲጮህ ይሰማኛል፤ ለማንም የማያበራ መብራት። ከዚያ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሄዱ እናቴ በኩራዝ ስትፈትል ያገኟታል። መስመሩ እንዲቀጠልልን ጠየቅን። “ለኢንዱስትሪ የተመደበ ኃይል ነው” ተባልን።

ባለፈው ዓመት እናቴ ራሷ ቢሮ መጥታ ነበር። ሦስት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ ነው የመጣችው። አንድ ባለሙያ “እማማ፣ ዘመኑ የፋብሪካ ነው፤ በደጋን የት ይደረሳል?” አላት። ሰው በተሞላበት ነው የተናገራት። እናቴ ሰው ፊት ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ነጠላዋን አስተካክላ “ልጄ፣ ፋብሪካው መጥቶ ቢሆን እሺ ነበር” አለችና ወጣች። ቤት እስክንደርስ ሌላ ቃል አልተናገረችም።

እኔ ያንን ጥያቄ አልተውኩትም። የት ይደረሳል የተባለው ነገር በፋብሪካው በኩል የት እንደተደረሰ እንይ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ሲመረቅ 60,000 ሰው ይቀጥራል ተብሎ ነበር። በ2011 ስለ ፓርኩ የወጣ የውጭ ጥናት የሠራተኛዋን መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር አካባቢ አድርጎ ነው ያስቀመጠው። ከዚያ አሜሪካ በታኅሣሥ 2014 ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ሕግ፣ አስወጣች። ከቀረጥ ነፃ ገበያው ሲዘጋ ትዕዛዝ ቀረ፤ የፓርኩ ዋና ተከራይም በዚያው ሰሞን ጥሎ ወጣ። ዋሽንግተን ላይ በተወሰነ አንድ ውሳኔ እዚህ የሺዎች እንጀራ ተናጋ። ፋብሪካ አይሠራ አላልኩም። ጠቅላላ ተስፋችንን እዚያ ላይ ብቻ አንጠልጥሉት ለምን ተባልን ነው ጥያቄዬ።

የአጎቴ ልጅ ወደ እንዲህ ያሉ ፓርኮች ለሥራ ከሄዱት አንዷ ናት። የትኛው ፓርክ እንደሆነ አልናገርም። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ነበር የሄደችው። የወር ደመወዟ 1,000 ብር አይሞላም ነበር። አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተው፣ ፍራሹን በፈረቃ ይተኙበት ነበር። ለእናቷ እልካለሁ ብላ ሄዳ ከቤት ሽሮና በርበሬ ይላክላት ጀመር። አሁን ተመልሳለች። የስፌት ማሽን አሳምራ ትነዳለች፤ ማሽኑን የምትሰካበት መብራት ግን የለም። የሴቶቹ ቤት ተሠርቶ ቢሆን ከባናው ካፖርት፣ ከዝተቱ ቦርሳ መስፋት ትችል ነበር። እሷ የከተማውን ሙያ ይዛ መጥታለች፣ እናቴ የአገሩን ይዛለች። ሁለቱ የሚገናኙበትን ቤት ነው ያጠራችሁት።

የገጠር ሰው በራሱ አያስተዳድርም የሚል ካለ ደግሞ ጓሳን ሄዶ ይይ። ሩቅ አይደለም፣ እዚሁ መንዝ ነው። አባቶቻችን ያንን መሬት በቀሮ ሥርዓት ለመቶዎች ዓመታት ጠብቀውታል። ሣሩ እንዲያገግም ለዓመታት ይዘጋል፣ በተወሰነው ቀን ይከፈታል፣ ሁሉም በደንብ ያጭዳል። የሰበረ ይቀጣል። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲወጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ከዚያ በኋላ ጓሳው ያለልክ ተጋጠ፣ ተጨደ። ኋላ ሕዝቡ ራሱ ተመካክሮ መልሶ ጥበቃ አቆመ። ዛሬ ቀይ ቀበሮውንና ጭላዳውን ለማየት ሰው ከውጭ ይመጣል፣ የእንግዳ ማረፊያውም የማኅበረሰቡ ነው።

አውራ አምባ የሚባለው ማኅበረሰብም አለ። ዙምራ ኑሩና ጓደኞቹ በ1964 ፎገራ ላይ ሲጀምሩ ትንሽ መሬት እንጂ ሌላ አልነበራቸውም። መሬቱ ለእርሻ ስላልበቃቸው ሽመና ጀመሩ፣ ወፍጮ ተከሉ። የወረዳችን ኃላፊዎች ለልምድ ልውውጥ ሄደው እንደነበር እዚያ የተነሱትን ፎቶ ቢሮ ግድግዳ ላይ አይቻለሁ። እዚያ ሄዳችሁ ያደነቃችሁትን እዚህ ጀምሩ ስንላችሁ ለምን ፋይል ይጠፋል?

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ማኅበረሰቡን የሚመለከት ፕሮጀክት ሲመጣ ሕዝቡ አስተያየቱን ሊጠየቅ መብት አለው ይላል። አንቀጽ 89 ደግሞ መንግሥት ሕዝቡ ለልማት የሚያደርገውን እንቅስቃሴ የመደገፍ ግዴታ አለበት ይላል። 34 ሴቶች አራት ዓመት ከአፋቸው ነጥቀው ያጠራቀሙት እንቅስቃሴ ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

ገንዘቡ አሁንም ባንክ ነው። በ2011 ማሽኑን፣ ቆርቆሮውንና ምስማሩን ይገዛ የነበረው ብር ዛሬ ማሽኑን ብቻ እንኳን አይገዛም። እናንተ ዘንድ ፋይል ሲጠፋ እኛ ዘንድ ይህ ይጠፋል። ከሴቶቹ ሁለቱ ቤቱን ሳያዩ አርፈዋል። ለልጆቻቸው ድርሻቸውን ቆጥሬ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

የምንፈልገው ሦስት ነገር ነው። ሥራ ያልጀመረው ሰው ውል በሕጉ ይቋረጥ። የኛ 500 ካሬ ሜትር በቃለ ጉባኤው መሠረት ይመለስ። ከትራንስፎርመሩ አንድ መስመር ይቀጠልልን፤ ምሰሶውን እኛ እናቆማለን፣ የቆጣሪውንም እንከፍላለን። የቀረውን ግጦሽ ምን እንደምታደርጉት የአካባቢውን ሰው ሰብስባችሁ ጠይቁ።

እምቢ የምትሉ ከሆነም በጽሑፍ እምቢ በሉን፣ ምክንያቱን ጽፋችሁ፣ ማን እንደወሰነው ፈርማችሁ። ይግባኝ የምንልበት ወረቀት እንኳን የለንም።

የሦስቱ ማመልከቻ ቀሪ፣ ቃለ ጉባኤውና የቁጠባው መዝገብ እኔ ጋ አሉ። ፋይሉ ጠፍቷል ላላችሁት ኮፒውን ሰኞ ጠዋት ይዤ እመጣለሁ። እናቴም አብራ ትመጣለች፤ በዚህ ጊዜ ሌሎቹም ሴቶች አብረው ይመጣሉ።

የማኅበሩ ጸሐፊ