ስለ «ፓራሳይት» የወጣውን ግምገማ በተመለከተ

ባለፈው እትማችሁ ስለ ደቡብ ኮሪያው «ፓራሳይት» ፊልም የወጣው ግምገማ ታሪኩን የአንድ ሀብታምና የአንድ ድሃ ቤተሰብ ጠብ አድርጎ ማቅረቡ ዋናውን ጉዳይ ያስቀረ ይመስለኛል። ቦንግ ጁን ሆ ያዘጋጀው፣ በ2019 እ.ኤ.አ. በካን የፊልም ፌስቲቫል ከፍተኛውን ሽልማት ፓልም ዶርን፣ በማግስቱ ዓመት ደግሞ በምርጥ ፊልም ዘርፍ ኦስካርን ያሸነፈው ይህ ሥራ ባለጸጋውን ጨካኝ አድርጎ አይስለውም። ባለጸጋው አቶ ፓርክ የድሃው ቤተሰብ አባት የሆነውን ሾፌሩን አይሰድበውም፤ ስለ ጠረኑ ብቻ ለሚስቱ በሹክሹክታ ያማርራል፣ ሾፌሩ ግን ጠረጴዛው ሥር ተደብቆ ይሰማዋል። የሚያቆስለውም ይኸው በጨዋነት የተሸፈነ ንቀት ነው።

ነገሩ ከእኛም ቤት ሩቅ አይደለም። አራት ኪሎ አካባቢ በምኖርበት አፓርትመንት ከወጥ ቤቱ ጎን «የሠራተኛ ክፍል» ተብሎ የተከለለው ቦታ አንድ ፍራሽ ሲዘረጋበት በሩ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም። በዚያ የምታድረው ልጅ የባልና ሚስቱን ኩርፊያ ከዘመድ ቀድማ ታውቃለች፤ ሕፃኑም ሌሊት ሲባንን የሚጠራው እሷን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን እንደ ቤት ሠራተኝነት ያለውን የግል አገልግሎት ቅጥር ከተፈጻሚነት ወሰኑ አውጥቶ የሥራ ሁኔታውን የሚወስን ደንብ ማውጣቱን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ትቶታል።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉ ከፒያሳ ሲኒማ ቤቶች ከአንዱ ጋር ተነጋግሮ ፊልሙን በአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ አንድ እሑድ ከሰዓት እንዲያሳይ፣ የቤት ሠራተኞችንም በነፃ እንዲጋብዝ፣ አስተያየታቸውን ደግሞ በሚቀጥለው እትም ከሃያሲው ጽሑፍ እኩል ቦታ ሰጥቶ እንዲያትም ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንድ አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ