«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ወረቀት የሻጭን ኃላፊነት አያስቀርም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ባሉት የመኪና መለዋወጫ ሱቆች «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ አይለወጥም» የሚል ወረቀት ያልተለጠፈበት ግድግዳ ማግኘት ይቸግራል። አንዳንዱ ሻጭ ደረሰኙ ግርጌ ላይ ማኅተም አድርጎ ይመታዋል። ሸማቹም ሕግ ይመስለውና ብልሹ ዕቃ ታቅፎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሕጉ ግን የሚለው ሌላ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2287ና በተከታዮቹ፣ ሻጭ ያስረከበው ዕቃ እንደ ውሉ ለመሆኑና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ ነው ይላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ዕቃውን መልሶ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። የግድግዳው ወረቀት የሚያገለግለው ሐሳቡን ለቀየረ ወይም የማይሆነውን ዕቃ ራሱ መርጦ ለገዛ ሰው ነው። ብልሽትን አይሸፍንም።

ይሁን እንጂ ሻጩን ብቻ ወንጅሎ ማለፍም ልክ አይደለም። ዋናው ክርክር ሁልጊዜ «ዕቃው ሲሸጥ ብልሹ ነበር ወይስ ሲገጠም ተበላሸ?» የሚለው ነው። ይህ በጣም የሚያጨቃጭቀው በኤሌክትሪክ ዕቃ ላይ ስለሆነ ዲናሞን፣ ማለትም ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርገውን ዕቃ፣ ልውሰድ። አዲስ ዲናሞ ተገጥሞ በማግስቱ ዳሽቦርዱ ላይ ባትሪው ቻርጅ አለመደረጉን የሚያሳየው የባትሪ ምልክት በራ እንበል። ባለመኪናው «የሸጥክልኝ ብልሹ ነው» ይላል፤ ሻጩ «መካኒክህ አቃጠለው»፤ መካኒኩ «ፎርጅድ ነው»። ማን እንዳጠፋ ለማወቅ አንድ ቴስተር፣ ማለትም የቮልት መለኪያ፣ እና ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

ሞተሩ ጠፍቶ ያደረ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያነባል። ሞተሩ ተነሥቶ ነዳጅ ሲሰጠው፣ በደቂቃ ወደ 2,000 ዙር ገደማ፣ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መታየት አለበት። የፊት መብራትና ማራገቢያው በርተው ከ13 በታች ከወረደ ዲናሞው በቂ ቻርጅ እያደረገ አይደለም። ቻርጁን ኮምፒውተር የሚቆጣጠርላቸው አዳዲስ መኪኖች ሆን ብለው ዝቅ የሚያደርጉበት ጊዜ ስላለ ለእነሱ መለኪያው ይለያል። ከ15 ቮልት ካለፈ የዲናሞውን ቮልቴጅ የሚቆጣጠረው ሬጉላተር ሥራውን አቁሟል፤ ባትሪውን እያፈላ ይጨርሰዋል። ቴስተሩን ወደ ኤሲ (ተለዋዋጭ ኮረንቲ) አዙሮ እዚያው ባትሪ ላይ ሲለካ ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ደግሞ የዲናሞውን ኤሲ ለባትሪው ወደሚሆን ዲሲ ከሚቀይሩት ዲዮዶች አንዱ ሳይቃጠል አልቀረም። እዚህ ላይ ርካሽ ቴስተር ይዋሻል። ሁለቱን ዘንጎች አቀያይሮ መለካት ነው፤ ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ ጥፋቱ የቴስተሩ ነው።

ቁጥሩ መጥፎ ሆነ ማለት ግን ዲናሞው ተፈረደበት ማለት አይደለም። ሞተሩ እየሠራና መብራት እንደበራ ከዲናሞው አካል እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ይለካ፤ ከ0.2 ቮልት በላይ ከሆነ ችግሩ ማሳው፣ ማለትም የኔጌቲቩ መመለሻ መስመር፣ ነው። ከዲናሞው ወፍራም የቻርጅ ሽቦ እስከ ባትሪው ፖዘቲቭ ከ0.5 ቮልት በላይ ከተነበበ ሽቦው ወይም ዋናው ፊውዝ የታሰረበት ቦታ ተቃጥሏል። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቶ የሚንሸራተት ከሆነም፣ ከላይ የሚያንጠባጥብ ዘይት በዲናሞው ውስጥ ኮረንቲ የሚያስተላልፈውን ካርቦን ካረጠበውም ጥፋቱ የዕቃው አይደለም። አንድ ሴሉ የሞተ ባትሪ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ዲናሞው ቀኑን ሙሉ፣ በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ ይግልና ዲዮዶቹ ይቃጠላሉ። ባትሪ ሳይፈተሽ ዲናሞ የሚቀየርበት መኪና ሁለተኛውንም ዲናሞ ይበላል። በዚህ ሻጩን መክሰስ አይቻልም።

በየጋራዡ የሚታየው ትልቁ ጥፋት ግን ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ሞርሴቶ (የሽቦ ማሰሪያ) አውልቆ «ካልጠፋ ዲናሞው ይሠራል» የማለት ልማድ ነው። ይህ ሙከራ ካርቡሬተር በነበረበት ዘመን ለነበሩ መኪኖች ይሁን። ባትሪው የዲናሞውን ቮልቴጅ አረጋግቶ የሚይዝ ነው፤ በድንገት ሲነቀል ቮልቴጁ ለቅጽበት በብዙ አሥር ቮልቶች ይዘላል፤ ያን ጊዜ ሬጉላተሩ፣ ዲዮዱ፣ ሲከፋም የመኪናው ኮምፒውተር ይሄዳል። ዲናሞው ሱቅ ውስጥ ጤነኛ የነበረ ቢሆንም እዚህ ይሞታል። «መካኒክህ አቃጠለው» የሚል ሻጭ እውነት የሚሆነው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ክርክሩን ከመነሻው ማስቀረት የሚቻለው ግን ከመገጠሙ በፊት ነው። ቶዮታ ለዲናሞ የሚሰጠው ቁጥር በ27060 ይጀምራል፤ ቀጥለው ያሉት አምስት ቁጥሮችና ፊደሎች ናቸው የየትኛው ሞተር እንደሆነ የሚለዩት። በእኛ አገር ቪትዝ የሚባለው መኪና 1.0ም 1.3ም ቤንዚን፣ 1.4 ናፍጣም ስላለው «የቪትዝ ዲናሞ ስጠኝ» ብሎ መግዛት ጠብን በገንዘብ መግዛት ነው። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር፣ ከተቻለም አሮጌው ዲናሞ ራሱ፣ ሱቁ ድረስ መሄድ አለበት። ቺንጋው የሚዞርበት ፑሊ የመስመር ብዛት፣ የሶኬቱ ቅርጽ፣ የብሎኖቹ ቀዳዳ ጎን ለጎን ይመሳከር። በእጅ ሲሽከረከር ኩሽኔታው መንጫጫት የለበትም። መሞከሪያ ያለው ኤሌክትሪሺያን በቅርብ ካለ ሻጩ ባለበት አስነሥቶ ማየት ከሁሉ ይሻላል። ሻጮች የሚፈሩት አንድ ነገርም አለ፤ አዲሱን ወስዶ አሮጌውን በአዲሱ ካርቶን የሚመልስ ሰው አይጠፋም። ስለዚህ ዕቃው ላይ በቀለም ምልክት አድርጎ ሁለቱም በስልካቸው ፎቶ ቢያነሡት ማንም አይጎዳም።

ቀጥሎ ደረሰኝ። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ ልቀንስልህ» ሲባል የሚቀረው 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ብቻ ሳይሆን ከዚያ ሱቅ መገዛቱን የሚያሳየው ማስረጃም ነው። ደረሰኝ ተሰጥቶም «መለዋወጫ 1» ብቻ የሚል ከሆነ ብዙ አይረዳም። የዕቃው ቁጥርና ስም፣ አዲስ ኦርጅናል፣ የሌላ አምራች ወይም ያገለገለ መሆኑ መጻፍ አለበት። ያገለገለ ዕቃ ከሆነ የመሞከሪያው ቀን ስንት እንደሆነም በጽሑፍ ይስፈር፤ በቃል የተሰጠ «ሞክረህ አምጣው» ዕቃው በተመለሰ ቀን ይረሳል።

ዕቃው ብልሽት ካሳየ ማስከፈት አያስፈልግም። የኋላ ክዳኑ የተፈታ ዲናሞ ያለ ክርክር የሚቀበል ሻጭ የለም፤ እውነትም አለው። የቴስተሩን ንባብ ፎቶ አንሥቶ በዚያው ቀን በስልክ መልእክት ለሻጩ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ሕጉም ገዢ ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ይጠብቃል። ልብ ሊባል የሚገባው የአዋጁ 15 ቀን የሚቆጠረው ከተገዛበት ቀን መሆኑ ነው። መካኒክ እስኪገኝ ሳይገጠም የተቀመጠ ዕቃ ቀኑ እየነጎደበት ነው። ቀኑ ካለፈም የፍትሐ ብሔሩ ዋስትና መንገድ አለ፤ ሆኖም ረጅም ነው። ሻጩ እንቢ ካለ በጽሑፍ አቤቱታ ወደ ክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት መሄድ ይገባል። የመካኒክ ድጋሚ ክፍያና የመጎተቻ ወጪም በጉዳት ካሳነት የሚጠየቅ ስለሆነ ለእነሱም ደረሰኝ ይያዝ።

ፍሬን ሸራ ላይ ይህ ሁሉ ትዕግሥት አይሠራም። አዲስ ሸራ የተሰነጠቀ ወይም ከብረቱ የተላቀቀ እንደሆነ መኪናው ከቆመበት መነሣት የለበትም፤ ክርክሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የከተማው ንግድ ቢሮ ተቆጣጣሪዎች በየሱቁ ሲዘዋወሩ የንግድ ፈቃድና የዋጋ ዝርዝር መለጠፉን ያያሉ። «አይመለስም» የሚለውን ወረቀት አስነሥተው በምትኩ የ15 ቀኑን መብት ማስለጠፍ፣ ደረሰኝ ላይም የዕቃው ቁጥርና ዓይነት እንዲጻፍ ማስገደድ አዲስ አዋጅ የሚጠይቅ አይመስለኝም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ