ወደ ውሃው ከመግባታችን በፊት

ውድ የዋና ቡድናችን አባላት፣ ሰላም ለሁላችሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ልመና አለኝ። ተቅማጥ የያዘው ሰው እባካችሁ ገንዳ ውስጥ አይግባ። ክሎሪን አብዛኞቹን ጀርሞች በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ተውሳክ ግን በደንብ በታከመ ውሃ ውስጥ እንኳ ከ7 ቀን በላይ ሊቆይ ይችላል። የተበከለውን ውሃ አንድ ጉንጭ መዋጥ ለመታመም ሊበቃ ይችላል። በዚህ ተውሳክ የታመመ ሰው ተቅማጡ ከቆመ በኋላም 2 ሳምንት መታገስ አለበት። እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ግን አብረውን የሚዋኙ ሕፃናት አሉ።

ሁላችንም ከመግባታችን በፊት ለ1 ደቂቃ ያህል ሻወር እንውሰድ። ያ ዓይን የሚያቃጥል ኃይለኛ ሽታ የንጽሕና ምልክት ይመስለናል። አይደለም። ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠር ነው። ልጆችንም በየሰዓቱ ሽንት ቤት ውሰዱልን።

ሐይቅና ወንዝ ውስጥ ክሎሪን የለም። ከከባድ ዝናብ በኋላ ጎርፍ ቆሻሻ ይዞ ስለሚገባ ጥቂት ቀናት ጠብቁ። ውሃው ላይ አረንጓዴ ንጣፍ ካያችሁ አትግቡ። ቢልሃርዝያ ባለበት አካባቢ ደግሞ አፍን መዝጋት አያድንም፤ ተውሳኩ የሚገባው በቆዳ በኩል ነው። እዚያ ጭራሽ አንዋኝም።