በክሊኒካችን ለሚካሄደው የታይፎይድ ጥናት የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለተከበራችሁ የክሊኒካችን ተገልጋዮችና ወዳጆች በሙሉ፤

ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የሆድ ሕመም ይዟቸው ወደ ክሊኒካችን ከሚመጡ ተመላላሽ ታካሚዎች መካከል በእርግጥ ታይፎይድ ያለባቸው ስንቶቹ እንደሆኑና በሽታው በምን መንገድ እንደሚይዛቸው ለማወቅ ጥናት ልንጀምር ስለሆነ፣ የእናንተን ድጋፍ በአክብሮት እንጠይቃለን።

እስካሁን ስንመራበት የቆየነው በአብዛኛው የዊዳል ምርመራ ነው። ከ1896 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቀው ይህ ምርመራ የሚያሳየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሚያመርታቸውን ፀረ እንግዳ አካላት ነው። እነዚህ ግን ቀደም ሲል ከዳነ ሕመም፣ ከክትባት ወይም ከሌላ የሳልሞኔላ (የታይፎይድ ባክቴሪያ የሚመደብበት የባክቴሪያ ወገን) ዝርያ ጋር በተያያዘ ሊገኙ ስለሚችሉ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተመርምሮ «ፖዘቲቭ» የተባለ ሰው ዛሬ ታይፎይድ አለበት ብሎ ለመደምደም አያስችልም። በዚህ ውጤት ብቻ አንቲባዮቲክ ሲታዘዝ ትክክለኛው ሕመም፣ ወባም ይሁን ሌላ፣ ሳይታከም ይቆያል። ከዚህም በላይ የሚያሳስበን ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እየተላመዱ መሄዳቸው ነው፤ አንድ መድኃኒት አንዴ መሥራት ካቆመ ጉዳቱ ለሁላችንም ይተርፋልና።

ስለዚህ ጥናቱ የሚመሠረተው በደም ካልቸር ላይ ነው። አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ከአዋቂ ታካሚ 10 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ተወስዶ ባክቴሪያ ማሳደጊያ ፈሳሽ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጨመራል፤ ጠርሙሱም በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ እስከ 7 ቀን ሲቆይ የላቦራቶሪ ባለሙያው በየዕለቱ እያነሣ ፈሳሹ መደፍረሱን ይመለከታል። ባክቴሪያው ከተገኘ የትኛው መድኃኒት እንደሚያጠፋው ይፈተሻል። ካልቸርም ቢሆን ከ10 የታይፎይድ ታማሚዎች 4 ያህሉን ሊያመልጥ ስለሚችል፣ የሥርጭቱን መጠን ስናሰላ ይህንን ግምት ውስጥ እናስገባለን።

ታይፎይድን የሚያመጣው ባክቴሪያ በተፈጥሮ የሚኖረው በሰው ውስጥ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ታማሚ በሽታው የያዘው ከሌላ ሰው ዓይነ ምድር ተነሥቶ በውሃ፣ በምግብ ወይም ባልታጠበ እጅ በኩል ነው። ምልክቱ እስኪታይ ሳምንታት ሊያልፉ ስለሚችሉ መጠይቃችን ያለፈውን ወር ይመለከታል፦ የመጠጥ ውሃው ከየት ተቀዳ፣ ከማጠራቀሚያው የሚወጣው በቧንቧ ነው ወይስ እጅ በሚነካው መቅጃ፣ መጸዳጃ ቤቱን ስንት ቤተሰብ ይጋራዋል፣ አጠገቡስ ሳሙና አለ ወይ? ባክቴሪያው ያልተገኘባቸውም ታካሚዎች ተመሳሳይ ጥያቄ ይቀርብላቸዋል፤ ሁለቱ ካልተነጻጸሩ መንስኤውን መለየት አይቻልምና።

የሚሰበሰበው ገንዘብ ለኢንኩቤተር (የካልቸር ጠርሙሶቹን በተፈለገው ሙቀት ለሚያቆየው መሣሪያ)፣ ለካልቸር ጠርሙሶች፣ ለመድኃኒት መፈተሻ ዲስኮችና ለመጠይቅ ሰብሳቢዎች አበል ይውላል። ከፍተኛውን ወጪ የሚጠይቀው ኢንኩቤተሩ ጥናቱ ሲያበቃ ለክሊኒኩ ይቀራል። ታካሚዎች የሚሳተፉት በፈቃዳቸው ሲሆን ለምርመራው አይከፍሉም፤ ስማቸውም አይገለጽም።

ልገሳችሁን በክሊኒኩ ገንዘብ ቤት በደረሰኝ መስጠት ትችላላችሁ፤ ገቢና ወጪው በየወሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። በገንዘብ ማገዝ ያልቻላችሁ፣ የላቦራቶሪ ሙያ ወይም መረጃ የማጠናቀር ልምድ ካላችሁ፣ በዚያው ስማችሁን እንድታስመዘግቡ እንጠይቃለን።

የጥናቱ አስተባባሪ ኮሚቴ